በቤት የተሠራ ሳይለንሰር

ሁለት ሐበሾች ያለ ክርክር ከተስማሙ፣ የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። ካላመናችሁኝ አማቴን ጠይቁ።

አማቴ ጋሼ ታደሰ ሎስ አንጀለስ፣ ፓልምስ የሚባል ሰፈር ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ድሮ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰው ስለሆኑ፣ የመኪናን የጭስ ማውጫ ድምፅ የሚያፍነውን ዕቃ፣ እናንተም እኔም "ማርሚታ" የምንለውን፣ እሳቸው "ሳይለንሰር" ይሉታል። ማርሚታ ያልተማረ ሰው ቃል ነው ባይ ናቸው። ባለፈው ወር የአሮጌ መኪናቸው ማርሚታ ዝጎ ተበሳና ጎረቤት ቢያማርር፣ በቆርቆሮ ጠጋግነው ራሳቸው ሠሩት። እኔ ባትሪ አበራሁላቸው።

የሚስቴ የአጎት ልጅ ዮናስ ደግሞ ላስ ቬጋስ ነው። የሱ ሆቢ ጠመንጃ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢላማ ይተኩሳል። የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛም አለው። እሱም ስሙ "ሳይለንሰር" ነው። እዚያ በፈቃድ ይቻላል፤ እኛ ካሊፎርኒያ ግን ወንጀል ነው።

ዮናስ ሊጠይቀን መጣና ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ጎዳና፣ ምሳ ልንበላ ሄድን። ሁለቱን ምግብ ቤቱ በር ላይ አውርጄ ፓርኪንግ ፍለጋ ዞርኩ። ቅዳሜ ቀን ፌርፋክስ ላይ ፓርክ ማድረግ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ... ስመለስ ክትፎው አልቋል። ያወሩትን የሰማሁት ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፣ ከሁለቱም አፍ።

"ሰሞኑን በሳይለንሰር ተጠምጃለሁ" ይላል ዮናስ።

"የተገዛ ነው ወይስ ራስህ የሠራኸው?" ይላሉ ጋሼ።

"ሁለቱም አለኝ። የተገዛው ይሻላል። በእጄ የሠራሁት ድምፁን ቀነስ ያደርገዋል እንጂ..."

"የኔም እንደዚያው ነው።"

የዮናስ ጉርሻ አፉ ላይ ቀረ። "እርስዎም ሠርተዋል? አስፈቅደው?"

"ማንን?"

"መንግሥትን ነዋ። እኔ አሻራ ሰጥቼ፣ ፎርም ሞልቼ፣ አፕሩቭ እስኪያደርጉልኝ ጠብቄ ነው የሠራሁት። ያውም ኔቫዳ። እዚህማ የተገዛውም የተሠራውም ያሳስራል።"

ጋሼ በመስኮቱ የሚያልፈውን መኪና አዩ። "ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ይዞት ይሄድ የለም እንዴ?"

ዮናስም ወደ ውጭ አየ። የሎስ አንጀለስን ሕዝብ እንደዚያን ቀን ፈርቶት አያውቅም።

በሳምንቱ የጋሼ የዜግነት ኢንተርቪው ነበር። ዕድሜያቸውም እዚህ የኖሩበት ዘመንም ስለሚበቃ በአማርኛ ተፈቀደላቸው፤ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። አሳንሰር ውስጥ፣ "ሰው ያልደረሰበትን ጥፋት መናገር አለበት?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ዝም አይነቅዝም" አልኳቸው።

"ይነቅዛል" አሉ።

ቀኝ እጄን አንስቼ በትክክል እንደምተረጉም ማልኩ። ኦፊሰሯ ጥያቄዋን በየተራ ጠየቀች፣ ጋሼ በየተራ መለሱ። "ሳይታሰሩበት የቀረ ወንጀል ፈጽመው ያውቃሉ?" አለች። ተረጎምኩ።

"አዎ" አሉ ጋሼ። "ሳይለንሰር። ሆምሜድ።"

ይሄ ትርጉም እንኳን አላስፈለገውም። ኦፊሰሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"አሁን የት ነው ያለው?"

"ፓርኪንግ። መኪናው ሥር።"

"ለምን ሠሩት?"

"ጎረቤት ድምፁን እንዳይሰማ።"

"ተጠቅመውበታል?"

"በየቀኑ። እሑድም ቸርች ስሄድ።"

"ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?"

ጋሼ ወደኔ ዞሩ። "ይሄ ልጅ ነው ባትሪ ያበራልኝ።"

ይህንንም ተረጎምኩ። ምያለሁ እኮ። ማርሚታ መጠገን ከመቼ ወዲህ ወንጀል ሆነ እያልኩ በሆዴ ስገረም፣ የሴትዮዋ እጅ ወደ ስልኩ ሲሄድ አየሁ። ያኔ ገባኝ።

"ሜዳም፣ መፍለር ነው የሚሉት፣ የመኪና መፍለር" አልኩና ያን ቀን ያነሳሁትን የማርሚታውን ፎቶ ከስልኬ ላይ አሳየኋት። ብዙ አየችው። በቆርቆሮና በሽቦ የተጠቀለለውን አጉልታ ደግማ አየችው።

"በዚህ መኪና ነው የመጣችሁት?" አለች። ከዚያ ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነክሳ ፎርሙ ላይ ምልክት አደረገችና "አልፈዋል፣ እንኳን ደስ አለዎት" አለች።

ጋሼ ግን ከወንበሩ አልተነሱም። ሳምንት ሙሉ የተሸከሙት ሲቀልላቸው ጊዜ ጣማቸው መሰለኝ።

"ቆይ፣ ሌላም አለ በላት" አሉ። "ፍሬኑንም እኔ ነኝ የሠራሁት።"

"ምን አሉ?" አለች ኦፊሰሯ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ ነው የሚሉት" ብዬ ተረጎምኩ።

የኔ ኢንተርቪው ከሁለት ዓመት በፊት ማለቁ በጀኝ። ያንን ሳይታሰሩበት ስለቀረ ወንጀል የሚጠየቀውን ጥያቄ ዛሬ ቢጠይቁኝ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።