ኢንጂነር ዘይኑ ሳያውቅ የቀዳው

ቴፕ ያለው ሰው ሁሉ ስለ ድምፅ አውቃለሁ ይላል፤ ስለ ድምፅ አውቃለሁ የሚል ደግሞ የሰው ሰርግ ሳያበላሽ አያርፍም። ታውቁታላችሁ ይህን ሰው። ማይኩን በጣቱ እያንኳኳ «አሎ፣ አሎ፣ አንድ ሁለት» ሲል ግማሽ ቀን የሚፈጅ፣ ምን ነካው ቢሉት ሽቦውን አይቶ ራሱን የሚነቀንቅ። ለእኛ ለከሚሴዎች የደረሰን ዘይኑ ነው። ማዕረጉን መንግሥት አልሰጠው፣ ዩኒቨርሲቲ አልሰጠው፤ ራሱ ለራሱ ሰጠ። ኢንጂነር ዘይኑ።

ክቡር ኢንጂነሩ የአደምን ሰርግ ቀድተዋል። ማይኩን ነፋስ እንዳያገኘው ብለው ከግድግዳ ጥግ አቆሙት፤ ከግድግዳው ወዲያ ጄኔሬተሩ ነበር። አደም ካሴቱን እስከ ዛሬ አልጣለውም፤ «እኔን የዳረኝ ጄኔሬተር ነው» ይላል። ባቲ ገበያ ላይ ለአንድ ጨርቅ ነጋዴ ማስታወቂያ ሊናገሩ ሞንታርቦውን ከፈቱት፤ የወጣው ፉጨት ስንት ግመል እንደበተነ የሚያውቁት ባለግመሎቹ ናቸው። ጨፋ ሮቢት ሄደው የሙሄን መንዙማም ቀድተዋል። ሙሄ ሰባ ያለፋቸው፣ ድቤ ሲመታ ድምፃቸው ቤት የሚሞላ አዛውንት ናቸው። ታዲያ የቴፑ ድንጋይ ደክሞ ኖሮ ካሴቱ እየተጎተተ ነው የቀዳው። በአዲስ ድንጋይ ሲከፍቱት ሙሄ የሰባት ዓመት ልጅ ሆነው ቁጭ። ሽማግሌው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ወላሂ ዘይኑ፣ ሐኪም ያቃተውን አንተ ቻልከው» አሉት።

ጥፋቱ የዘይኑ ሆኖ ግን አያውቅም። ወይ መብራቱ ነው፣ ወይ ካሴቱ ነው፣ ወይ ዘፋኙ ማይክ አያውቅበትም። ሥራውን ሲጨርስ የሚላት አንዲት ቃል አለችው፤ «አብሽሩ፣ ገብቷል» ይላል። መፍራት ያኔ ነው። ቤቱ ገብቶ ያበላሸውን ለብቻው ሲሰማ ግን ፊቱን በእጁ ይሸፍናል፤ ይህን ለሚስቱም አልነገረም።

ትልቁ ጥፋቱ የደረሰው በዘጠና ሦስት ዓመተ ምሕረት ገደማ ነው። ያን ጊዜ ጅዳ ላለ ልጅ ደብዳቤ ማን ይጽፋል? ካሴት ነው የሚላከው። ቤተሰቡ ታጥቦ ለብሶ ይሰበሰባል፣ ትልቅ ሰው ዱዓ አድርጎ ይከፍታል፣ ሌላው በዕድሜ ተራ ሰላምታውን ያሰማል። ክፉ ወሬ ካሴት ላይ አይገባም። የታመመም ደህና ነው፣ ያዘነም አልሐምዱሊላህ ነው።

እትዬ ሰዒዳ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ልጃቸው ከውሰር ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ ሴት ናቸው። የባላቸው ወንድም ሐጂ ጀይላን ለከውሰር ባል አገኙላት፤ የንግድ ሸሪካቸው ነው፣ ሃምሳ ያለፈው፣ ሁለት ሚስት ያለው። የቀረው የልጅቷ እሺታ ብቻ ነበርና ካሴት ሊልኩላት ኢንጂነሩን አስጠሩ።

ዘይኑ የመቅጃ ቁልፎቹን ተጫነ፤ ቀይ መብራት በራ። ሰዉ ዝም እስኪል ብሎ ደግሞ ካሴቱን ለጊዜው የምታቆመውን ትንሿን ቁልፍ ተጫናት። ሲጀምሩ እሷን መልቀቁን ረሳ። መብራቱ እንደሆነ ካሴቱ ቢዞርም ባይዞርም ይበራል።

ሐጂ ጀይላን ዱዓቸውን አደረጉ። «ከውሰር፣ አካም ጅርታ?» ብለው በኦሮምኛ ጀመሩና ወደ አማርኛ ተሻገሩ። «እኔ አባትሽ ማለት ነኝ። ቃል ሰጥቻለሁ። ለረመዳን ነይና ኒካው ይታሰራል።» የእናትየዋ ተራ ሲደርስ ድምፃቸው ቀጠነ። «አጎትሽ ያለውን እሺ በይ፣ ልጄ» አሉ። ዘይኑ ያቆመ መስሎት ያችኑ ትንሽ ቁልፍ ደገማት። «አብሽሩ፣ ገብቷል» አለ። ካሴቱ መዞር የጀመረው ገና ያኔ ነው።

ወንዶቹ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ወጡ፤ ዘይኑም ተከተላቸው። እትዬ ሰዒዳ ከጎረቤታቸው ከመሪየም ጋር ብቻቸውን ቀሩ። «ለአጎቷ ሸሪክ በአፌ ሸጥኳት፣ መሪየም» አሉ እያለቀሱ። «አጠገቤ ብትሆን በጆሮዋ እምቢ በይ እላት ነበር። እሱን ከምታገባ ዕድሜዬን ሙሉ ባላያት ይሻለኛል።» ዘይኑ ተመልሶ ቴፑን አጠፋ፣ ካሴቱን አወጣ። ማንም ሳይሰማው በጨርቅ ተሰፍቶ ለመንገደኛ ተሰጠ።

በሁለተኛው ወር መልሱ መጣ። ቤተሰቡ ተሰበሰበ፣ ዘይኑ ከፈተው። የከውሰር ድምፅ እንዲህ አለ፦ «አጎቴ፣ የአንቱ ድምፅ አልደረሰኝም። የደረሰኝ የእማዬና የመሪየም ብቻ ነው። እማዬ፣ ለመሪየም ያልሻትን ሰምቻለሁ። ሰውዬውን አላገባም።»

ዘይኑ ቴፑን አጥፍቶ ካሴቱን አወጣ። ሐጂ ዞሩበት። «አንተ፣ ምንድን ነው የቀዳኸው?»

«ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ ከሚሴ ሰምታ አታውቅም። «የአንቱን ሳልቀዳ ቀረሁ፤ የሳቸውን ሳላውቅ ቀዳሁ።»

ሐጂ ጀይላን ወደ ሰዒዳ ተመለሱ፤ ድምፃቸውን አለዝበው መውጫ አበጁላቸው። «ይሄ ሰውዬ እንደ ልማዱ አበላሽቶት ነው አይደል? አንቺ እንዲህ አላልሽም።»

ቀላል ነበር። አዎ ቢሉ ማን ይጠራጠራል? ዘይኑ ያላበላሸው ምን አለ? እሱም አንገቱን ደፍቶ አዎ እስኪሏቸው ጠበቀ። እትዬ ሰዒዳ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና አሉ።

«አላበላሸም። ዘይኑ ደህና አድርጎ የቀዳው ይህንን ነው። ያልኩት እሱኑ ነው፤ በፊትዎም እለዋለሁ። ልጄን ለሸሪክዎ አልሰጥም።»

ሐጂ «ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ» ብለው ነገሩን ለአላህ ተዉና ካሴቱን ወደ ዘይኑ ገፉት። በሳምንቱ ሸሪካቸውን ይቅርታ ሊጠይቁ ባቲ ወረዱ። ከውሰር በሦስተኛው ዓመት መጣች፤ የወደደችውን አገባች። ሰርጓን የቀዳው ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ካሴቱም ምን እንደሚል አትጠይቁኝ። ብቻ ዘይኑን ከሙሽራው አጠገብ አስቀምጣ በእጇ አጎረሰችው።

ከዚያ ወዲህ በከተማችን ድምፅ ጥርት አድርጎ የሚቀዳ ሱቅ ተከፍቷል። ወንዶቹ ወደዚያ እንሂድ ይላሉ፤ እናቶቹ ግን ዘይኑ ካልመጣ ብለው ሙግት ይገጥማሉ። እኛም ዕድሜ ይስጥልን ብለን ዝም ነው። ዱዓው ተደርጎ፣ ምክሩ ተመክሮ ወንዶቹ ሲወጡ፣ እናትየዋ ከመቀመጫዋ አትነሳም። ክቡር ኢንጂነሩም ትንሿን ቁልፍ ቀስ ብለው ይጫኑና ካሴቱ እየዞረ በሩን ገርበብ አድርገው ይወጣሉ።