ሊቀ ማዞሪያ ወሰኔ

ወሰኔ በየማለዳው ሱቁን ከፍቶ መቀሱንና ማበጠሪያውን ከመደርደሩ በፊት ጥግ ወደ ተቀመጠው ትልቅ ጥቁር ሣጥን ይሄዳል። ሣጥኑ የለበሰውን የሱፍ ባና ይገፍፈዋል፤ ማብሪያውን ይጫናል፤ ከበስተጀርባ ያሉት፣ ላምባዲና የሚላቸው የመስታወት አምፖሎች እስኪቀሉ ጠብቆ እጆቹን ያሞቅባቸዋል። ከዚያ መሐል ላይ ያለችውን ማዞሪያ የሰናፍጭ ቅንጣት ታህል ወደ ቀኝ ያዞራል። ጊታሩን አንዴ ነካ አድርጎ ያዳምጣል። ማዞሪያዋን ወደ ግራ ይመልሳታል።

«ትንሽ ይቀረዋል» ይላል።

የወጣትነት ጓደኛው አፈወርቅ ይህን ሥርዓት እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞታል።

እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። ሰማይን አደራ ቢሰጡት ከዋክብቱን ገፋ ገፋ ያደርጋቸዋል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ የዲሽ ሳህን እያዞረ «መጣ?» የሚለው እሱ ነው። ቤተሰቡ ከውስጥ «መጣ፣ መጣ፣ ተወው» ቢለውም አይተወውም፤ «ሄደ» እስኪሉት ድረስ ያዞራል። ኳሱ የሚያልቀው እሱ ጣሪያ ላይ እያለ ነው።

በመንዝ የመሐል ሜዳ ከተማው ወሰኔ ግን ከዓይነቱም የባሰ ነው፤ እንጀራው ራሱ ፀጉር አስተካካይነት ነውና። ግራውን ከቀኙ ሊያስማማ ትንሽ ይነካል፤ ቀኙን ከግራው ሊያስማማ ደግሞ ትንሽ ይነካል። «ትንሽ ይቀረዋል» እያለ የሚቀር ነገር እስኪጠፋ ይቀጥላል። መሐል ሜዳ ላይ በውርጭ ማለዳ መላጣውን በነጠላ ጠቅልሎ የሚሄድ ሰው ካያችሁ፣ ወይ ሐዘን ደርሶበታል፣ ወይ ከወሰኔ ወንበር መነሣቱ ነው።

ሣጥኑ የጊታር አምፕሊፋየር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የከሰረ ጭፈራ ቤት ዕቃውን ሲበትን ያገኘው ሲሆን፣ መንዝ የገባው በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ በበግ ሌጦ ተሸፍኖ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር እስከ ዛሬ ሌጦ ሌጦ ይሸታል። ፊቱ ሙሉ ማዞሪያ ነው። ሦስት ዓይነት ድምፅ ያወጣል፤ ወሰኔም ለሦስቱም ስም ሰጥቷቸዋል። የመጀመሪያው ጥርት ያለ ስለሆነ «ቄሱ» ይባላል። ሁለተኛው ወፈር ብሎ ጫፉ ላይ ይሻክራል፤ እሱ «ነጋዴው» ነው። ሦስተኛው መርገጫው በእግር ሲጫን የሚመጣው ነው። አንዲት ክር ስትነካ እንደ ናዳ ያጓራል፤ ክሯን ከለቀቋትም በኋላ ዝም አይልም። እሱ «ሽፍታው» ይባላል። ወሰኔ ዕድሜውን የፈጀው ሦስቱን ለማስታረቅ ነው።

አንድ የታኅሣሥ ቀን ስለ በጎች ክትባት ሊነገር ሕዝብ ተሰብስቦ ሳለ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ተበላሸና የወሰኔን ሣጥን ተዋሱ። ሊቀ መንበሩ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ወሰኔ ትንሽ አስተካከለ። «የተከበራችሁ» የምትለዋ ቃል በሽፍታው በኩል ወጣች። ከሜዳው ማዶ ገብስ ሲወቁ የነበሩ ሰዎች በረዶ መጣ ብለው አውድማውን በሸራ ሸፈኑ። ሊከተቡ የመጡት በጎች እስከ ማግሥቱ አልተሰበሰቡም። መምሬ ኪዳነ ወልድ ዱላቸውን ተመርኩዘው ሲወጡ ወሰኔ አጠገብ ቆም አሉ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሊቀ ማዞሪያ ተብለሃል» አሉት።

«መምሬ፣ ትንሽ ነበር የቀረው።»

«አንተ ታዞራለህ፤ የሚዞረው ግን የእኛ ራስ ነው።»

ሹመቱ በዚያው ጸደቀ።

መብራት ሲጠፋ እንኳ ሊቀ ማዞሪያ አያርፉም። ጨለም ባለው ሱቅ ውስጥ ቁጢጥ ብለው በባዶ ያዞራሉ። ሚስታቸው ገበያነሽ «መብራት የለም እኮ» ስትላቸው «ዝም ሲል ነው ልኩ የሚታወቀው» ይሏታል። እሷም ለጎረቤት «ጣውንት አለብኝ» ትላለች። «ባናዬን ደርባ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣለች።»

አፈወርቅ በዚህ ሁሉ ሲስቅ ነው የኖረው። ዘንድሮ ግን ሳቁ ጠፋበት።

በወጣትነታቸው አንድ የኪነት ቡድን ውስጥ ነበሩ፤ ወሰኔ ጊታር ይመታል፣ አፈወርቅ ይዘፍናል። አፈወርቅን አባቱ ስም ሲያወጡለት ሙያም አብረው የሰጡት ይመስል ነበር። ግንቦት ላይ ድምፁ መሻከር ጀመረ። ብርድ ነው ተባለ፤ በማርና በዝንጅብል አለፈ። ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ታየ። ጉሮሮው ላይ የበቀለው ነገር በሐምሌ መጨረሻ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ድምፁም አብሮ ወጥቶ ይቀራል ተባለ። ሐኪሙ ይህን የነገሩት ወረቀት ወረቀቱን እያዩ ነበር።

ሲመለስ ቤቱ ሳይገባ ወሰኔ ሱቅ ሄደ።

«ያችን የኛን ዘፈን» አለው። ቡድኑ ሳይቀዳት የተበተነባት፣ ሁለቱ የደረሷት ዘፈን ነበረች። «በስልክ እንቅዳት። ሌላ ነገር አልለምንህም።»

ወሰኔ መቀሱን አስቀመጠ። «እሺ። ድምፁን ላስተካክልና።»

ከዚያ ወዲህ አፈወርቅ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጉሙን አቋርጦ ይመጣል። ደንበኛ በሌለበት ወንበር ይቀመጥና ከመስታወቱ ውስጥ ከራሱ ጋር ተፋጥጦ አንድ ስንኝ ይላል። ወሰኔ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ወደ ሣጥኑ ይጎነበሳል፤ ያዞራል፤ ይመታል። «ትንሽ ይቀረዋል። ነገ» ይላል። ነገ ሲመጣ የአፈወርቅ ድምፅ ከትናንቱ ወርዶ ይጠብቃቸዋል። ከፍ ያለውን ቦታ መድረስ አቃተው፤ ቀጥሎ መካከለኛውም ራቀው። ለቀዶ ሕክምናው አውቶቡስ የሚሳፈርበት ሰኞ ሲቃረብ የቀረለት በደረቅ ጭድ ላይ እንደሚሄድ እግር ያለ ድምፅ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ወሰኔ ሰምቶ ሲያበቃ እጁን እንደ ልማዱ ወደ ማዞሪያው ላከ። አፈወርቅ ከወንበሩ ተነሣ።

«አንተ ሰው፣ ያ ሣጥን መቼም አያልቅም። የማልቀው እኔ ነኝ።»

ገበያነሽ ምሳ ዕቃ ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። አልገባችም።

«ቄሱ ላይ አድርገው» አለ አፈወርቅ። «የጠራው ይበቃኛል። በጥራት ቀድተን እንገላገል።»

ወሰኔ አልተከራከረም። ቄሱ ላይ አደረገና መታ። ጊታሩ እንደ ምንጭ ውሃ ኩልል ብሎ ወጣ። አፈወርቅ ጀመረ፤ ግማሽ ስንኝ ሳይደርስ ግን ራሱ አቆመ። ከዚያ ጥራት አጠገብ ድምፁ በአዲስ ሸማ ላይ እንደ ተጣፈ እራፊ ሆኖ ተሰማው።

«ሰማኸው?» አለ ወሰኔ ቀስ ብሎ።

መርገጫውን ረገጠ። ሽፍታው መጣ፤ ግን አውድማ ያሸፈነው ሽፍታ አልነበረም። ዝቅ ብሏል፤ ይሻክራል፤ ይተናነቃል፤ ተቆረጠ ሲባል መልሶ ይቀጥላል። «በል» አለው። አፈወርቅ ገባበት። የቱ ስንጥቅ የጉሮሮው፣ የቱ የሣጥኑ እንደሆነ እሱ ራሱ መለየት አቃተው።

ልጅ ሆኖ የቆመበት ማሕሌት ትዝ አለው። ያረጁት መሪጌታ ድምፃቸው ሲሰበር፣ በማዶ ያሉት የሚቀበሉ መዘምራን የራሳቸውን ሆን ብለው ያጎረንኑ ነበር። ከውጭ የሚሰማ ሰው የማን ድምፅ እንደተሰበረ አያውቅም።

«እየተቀበልኩህ እኮ ነው» አለ ወሰኔ፣ ፊቱን ወደ ሣጥኑ አዙሮ። «አንተ ትወርዳለህ። ተከትዬህ እወርዳለሁ። ደረስኩ ስል ደግሞ ወርደሃል።»

አፈወርቅ ተመልሶ ተቀመጠ።

«አሁንስ?» አለ።

«ትንሽ ይቀረዋል» አለ ወሰኔ። «ግን በል።»

ገበያነሽ ገብታ ስልኩን ያዘችላቸው። አፈወርቅ ዘፈነ፤ ጊታሩም ከሥር እየተንተከተከ ተሸከመው። መጨረሻው ላይ ደረሰ፦

ጉም ሸፈነው አሉ የመንዝን ተራራ፤
እኔ መች ጠፋሁኝ ሰው ስሜን ቢጠራ።

ሊደግመው «ጉም ሸፈነው» እንዳለ መብራት ጠፋ። ሣጥኑ ዝም አለ፤ ላምባዲናዎቹ ቀስ እያሉ ጠቆሩ። የአፈወርቅ ድምፅ ባዶውን ቀረ፤ ተንቀጠቀጠ፤ «ተራራ» ላይ ተሰበረ። በወጣትነቱም ሆነ በጎልማሳነቱ ለዘፈን አፉን ከፍቶ የማያውቀው ሊቀ ማዞሪያ ያን ጊዜ ከሞተው ጊታር በላይ ቀና አለና ተቀበለው። ድምፁ ከበሽተኛው የባሰ ነበር፤ ቅኝቱንም ስቷል። «እኔ መች ጠፋሁኝ»ን ሁለቱ አብረው ጨረሱት።

ገበያነሽ ስልኩን አላወረደችም።

«መብራት ሲመጣ ይደገም?» አለ አፈወርቅ። የተሰማው ከቃሉ ይልቅ ትንፋሹ ነበር።

ወሰኔ እጁን ወደ ማዞሪያዎቹ ዘረጋ። ሳይነካቸው መለሰው።

«ተወው» አለ። «ልክ ነው።»

ባናውን አንሥቶ ሣጥኑን አለበሰው። አውቶቡሱ ሰኞ ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል። ሁለት መቀመጫ ተይዟል፤ ፀጉር ቤቱ ዝግ ሆኖ ይሰነብታል።