«ያዘ ማለት ያዘ!» ያልኩት የስልክ ኬዝ አባቴንና አጎቴን ሲይዝ

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ላይቭ ላይ የነበራችሁ ደግሞ እባካችሁ ኮመንት ላይ ዝም በሉልኝ፤ ያላዩት ከኔው አፍ ይስሙት።

ቪዲዮውን አጥፍቼዋለሁ። አትድከሙ።

(ስክሪን ሪከርድ ያደረግሽው ልጅ፣ አውቄሻለሁ። ፍኖተ ሰላም ትንሽ ከተማ ናት!)

ለአዲስ ፎሎወሮች፦ ትርንጎ እባላለሁ። መናኸሪያው አጠገብ፣ ባጃጁና ጋሪው የሚጋፋበት ጋ ስልክ እጠግናለሁ። ልቤ ያለው ግን «ጥሩር» ላይ ነው። ጥሩር የድሮ ጦረኛ የሚለብሰው የብረት ልብስ ነው። የኔ ጥሩር ደግሞ ስልክ የሚለብሰው የቆዳ ልብስ ነው።

ዲዛይኑ የራሴ ነው፣ ማንም አላሳየኝም። ስልኩ ወፍራም የቆዳ ቤት ውስጥ ይገባል። ጠርዙ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ስለሆነ ቢወድቅ ይነጥራል እንጂ አይሰበርም። በማንገቻ ደረታችሁ ላይ ይንጠለጠላል። ፊቱ ላይ ደግሞ ያሻችሁን ትለጥፋላችሁ፤ ገበሬው የሶላር ቻርጀር፣ የማታ መንገደኛው የእጅ ባትሪ፣ ነጋዴው የሳንቲም ቦርሳ። ሲሰለቻችሁ ነቅላችሁ ሌላ መለጠፍ ነው። ሞጁላር ማለት እሱ ነው።

የሚለጠፈው በማግኔት ነው። ማግኔቱን የማወጣው ከሞተ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። ሲያዩት ምንም አይመስልም፣ ጉልበቱ ግን የጉድ ነው። በሁለት ማግኔት መሀል ጣቱን የከተተ ሰው የእናቱን ስም ይጠራል።

መፈክሬም «ያዘ ማለት ያዘ!» የሚል ነው።

ይቺን ነገር ያዙልኝ።

አንድ የቡሬ እህል ነጋዴ ደንበኛዬ በቀደም ደውሎ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ደረቴ ሚዛኑ ላይ ይለጠፋል!» አለኝ። እኔ ምን አደረግኩ? «የደንበኛ ምስክርነት» ብዬ ፖስት አደረግኩት! ሰውየው ሊያስጠነቅቀኝ እንደነበር የገባኝ ዛሬ ነው።

በሉ ወደ ዛሬው እንሂድ።

አባቴና አጎቴ ይስማው ከተኳረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል። አንድ እናት የወለደቻቸው፣ መሬታቸው የሚዋሰን ወንድማማቾች ናቸው። የኛ ቤት ከላይ ነው፣ የአጎቴ ከታች። አጎቴ ድንበሩ ላይ ባሕር ዛፍ ተከለ። አባቴ «ጥላው በቆሎዬን ጨረሰው» አለ። አጎቴ «በገዛ መሬቴ!» አለ። ዛፉም አደገ፣ ኩርፊያውም አደገ።

ድሮ አጎቴ አባቴን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ወንድማለም» ነበር የሚለው። ከኩርፊያው ወዲህ «የላይኛው ሰውዬ» ሆነ። አባቴም አልተኛለትም፣ «የታችኛው ሰውዬ» ይለዋል። የታችኛው ሰውዬ በሬ አጥሩን ጣሰ። የታችኛው ሰውዬ ቅዳሴ መጥቷል? የታችኛው ሰውዬ ለምን ሳለ?

አያችሁ? ለተኳረፈ ሰው ጥያቄው አልበዛም?

እኔ መሀል ላይ ተቃጠልኩ። ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ በትከሻው አድርጎ የሚያሻግረኝ አጎቴ ነበር። አሁን በሩ ላይ ሳልፍ እንኳ ሰላም የምለው ተደብቄ ነው። የነሱን ዕርቅ የምመኘውን ያህል ደንበኛም ተመኝቼ አላውቅ!

ሽማግሌዎች ስንት ደክመው ዛሬ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኛ ግቢ ሊያስታርቋቸው ቀጠሮ ያዙ። ለድንበሩ የቀረበው ባሕር ዛፍ ይቆረጣል፤ አጎቴ ታናሽ ስለሆነ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል።

አባቴ ጠዋት ጠርቶ አስጠነቀቀኝ። «ትርንጎ፣ ይሄ የሽማግሌ ጉባኤ ነው። ያን ስልክሽን ይዘሽ እንዳትቅለበለቢ።»

«እሺ አባ» አልኩ።

እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

እዚህ ላይ ልናዘዝ። ለአባቴ ጥሩር ሰፍቼ ሰጥቼዋለሁ፣ እሱን ሀገር ያውቀዋል። ለአጎቴም ሰፍቼ በሚስቱ በእታገኝ በኩል በድብቅ መላኬን ግን አባቴ አያውቅም። ከአንድ ቆዳ የተቆረጡ፣ ቀለማቸው አንድ፣ ስፌታቸው አንድ። ውስጣቸው ያለው ስልክም አንድ ዓይነት፣ ያው አገሩ ሁሉ የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ።

እና አሰብኩ። ሁለት ወንድማማቾች ሲተቃቀፉ፣ በሁለቱም ደረት ላይ ጥሩር! ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ከየት ይመጣል?

ስልኬን አጥሩ ላይ አስደግፌ ላይቭ ገባሁ። ርዕሱንም «ጥሩር ልብም ይጠግናል» አልኩት።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን አለ?

አጎቴ ድንጋዩን አንገቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ገባ። አባቴ «ይቅር ለእግዜር» አለ፤ ዓይኑ ግን ጎተራው ላይ ነው። አጎቴም ድንጋዩን ሲያወርድ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ ዕርቅ አንድ ክረምት እንደማይሻገር ሁሉም ያውቃል። እኔም አውቀዋለሁ።

የንስሐ አባታችን ቄስ አምሳሉ መስቀላቸውን ይዘው «በሉ ተሳሳሙ!» አሉ።

ተጠጉ። ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ አዙረው ደረት ለደረት ነካ አደረጉ።

ቀጭ!

አባቴ ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል አጎቴ አብሮት መጣ።

«ልቀቀኝ!»

«ማን ያዘህ? አንተ ልቀቀኝ እንጂ!»

ሽማግሌዎቹ ድብድብ የተጀመረ መስሏቸው «በሕግ አምላክ!» እያሉ ተነሱ። ገበያ ላይ ሌባ እንዳይነጥቀው ብዬ ማንገቻውን አሳጥሬዋለሁ፤ በጭንቅላት አይወጣም። ቋጠሮው ያለው ከጀርባ፣ ከጋቢው ሥር ነው። ጎበዝ ዲዛይነር!

ሮጬ መሀል ገባሁ። «አትጎትቱ! ማግኔት ነው! ወደ ጎን ተንሸራተቱ!»

አባቴ ወደ ቀኝ ሄደ። አጎቴ ወደ ግራ ሄደ።

ፊት ለፊት ለቆሙ ሰዎች ይሄ ያው አንድ አቅጣጫ ነው!

ተያይዘው እስከ በሩ ተንሸራተቱ። «ኧረ በዚያ አይደለም!» ስል ተያይዘው እስከ ጎተራው ተመለሱ። እታገኝ የደስታ እስክስታ መስሏት እልልታዋን አቀለጠችው። ልጆች ማጨብጨብ ጀመሩ። ላይቩ ላይ ልብ ይዘንባል።

ምን እንደተፈጠረ ልንገራችሁ። ሁሉንም ሞጁል በሁሉም ኬዝ ላይ ሞክሬያለሁ። ኬዝን ከኬዝ ጋር ግን ሞክሬ አላውቅም! ጥሩር ፊቱ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ማግኔት አለው፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ፤ የማግኔት አንዱ ጎን ደግሞ ሌላውን ጎን ይስባል። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ሲቆም ደግሞ የአንዱ ቀኝ ከሌላው ግራ ጋር ይገጥማል። ከዚያማ ያዘ ማለት ያዘ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፣ እኔን ነው።

ከአባቴ ጋቢ ሥር እጄን ሰድጄ ቋጠሮውን ልፈታ ስል ቄስ አምሳሉ መስቀላቸውን አነሱ።

«ቆዪ ልጄ! እኔ ሳልፈታቸው አንቺ ልትፈቻቸው ነው?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አባቴና አጎቴ ብቻ አልሳቁም።

«እንዲሁ እንደቆማችሁ» አሉ ቄስ አምሳሉ። «አሁን ደግሞ ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ በሉት።»

ወዴት ይዩ? አፍንጫ ለአፍንጫ ናቸው! ጎተራው አይታይ፣ መሬቱ አይታይ።

ከዚያ አጎቴ ቀስ ብሎ «ከስተሃል» አለ።

አባቴ «ጥርሴን አሞኝ ነው» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥምቀት ወዲህ።»

«እና ለኔ አይነገረኝም?»

«በማን አፍ ልንገርህ?»

ይሄኔ አጎቴ ከንፈሩን ነከሰ። አባቴም እንደገና «ይቅር ለእግዜር» አለ። የአሁኑ ድምፁ ሌላ ነበር። አጎቴም «ይቅር ለእግዜር» አለ። እኔ በሁለቱ መሀል እጄ ጋቢ ሥር እንደተቀረቀረ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አዎ፣ ላይቭ ላይ።

«አሁን ፍቺ» አሉኝ ቄስ አምሳሉ።

ፈታሁ። ሁለቱ ጥሩሮች እንደተጣበቁ አንድ ላይ ወረዱ። ጎተራው ጀርባ ወስጄ በጉልበቴም በጥርሴም ታግዬ አላቀቅኳቸውና መልሼ አንገታቸው ላይ አሰርኩላቸው። «እንካ አባ። እንካ አጎቴ።»

አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ለሱም የሰጠሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባ።»

«ቆይ ብቻ!»

ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀ። አጎቴ ወደ ቤቱ ወረደ። ውርደቴ እዚህ ላይ ያበቃ መሰለኝ።

የት አባቱ!

አመሻሹ ላይ ቤት ቁጭ ብለን ሳለ የአባቴ ደረት ጮኸ። በመሰንቆ።

«የኔ ስልክ በመሰንቆ አይጮህም» አለ አባቴ።

እውነቱን ነው፣ አይጮህም። ጎተራው ጀርባ ስታገል ተለዋውጠውብኝ የአጎቴን ለአባቴ፣ የአባቴን ለአጎቴ አስሬያለሁ! የሚደውለው አጎቴ ነው፤ በአባቴ ስልክ ወደ ራሱ ስልክ።

አባቴ ስልኩን ከጥሩሩ አውጥቶ እጁን ዘርግቶ ከሩቅ ሊያየው ሞከረ፣ አልሆነለትም። «ማን ይላል?» አለኝ።

አየሁት። የአባቴ ቁጥር በአጎቴ ስልክ ላይ የተመዘገበበት ስም ነው።

«ወንድማለም ይላል።»

«ምን?»

«ወንድማለም።»

ስልኩ መጮሁን ቀጥሏል። «ዛሬ ከታረቅን በኋላ ጽፎት ይሆናላ» አለ አባቴ።

«ስልኩ ያለው እኛ ጋ ነው እኮ አባ። በምን ላይ ይጻፈው?»

በአፉ «የላይኛው ሰውዬ» እያለ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስልኩ ላይ ወንድማለምን አልነካውም። አባቴ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ፣ እኔም እንዳላየ ሆንኩ።

«አንሺው» አለኝ። «ሁላችንም እንድንሰማው ድምፁን አጉልተሽ።»

ተጫንኩት። ልክ እንደተጫንኩት አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

የአባቴን ስልክ ስም የምመዘግብለት እኔ ነኝ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። የአጎቴን ቁጥር ደግሞ በኩርፊያው ሰሞን «ለውጪው» ብሎኝ ለውጬዋለሁ። አጎቴ የራሱን ቁጥር አባቴ ስልክ ላይ ሲመታ ስክሪኑ ምን ብሎ እንዳሳየው አሁን ገባችሁ?

«ሄሎ!» የአጎቴ ድምፅ ቤቱን ሞላው። «የታችኛው ሰውዬ ነኝ!»



እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባቴ ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ ጣራውን አየ።

ከዚያ ልጅ ሆኜ «ውሸት ነውር ነው» ብሎ የገረፈኝ አባቴ፣ ስልኩ ላይ አጎንብሶ ጮኸ።

«እሷ ናት የጻፈችው!»

እኔ!!!

አጎቴ ወዲያ ማዶ በሳቅ ትን አለው። አባቴ ከዘራውን አነሳና «ስልኬን ላምጣ» ብሎ ወጣ። ያንን በር ከረገጠ ስንት ክረምት አልፏል። ስልክ ለመቀያየር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እራቱ ቀርቦ ቀዘቀዘ፣ እሱ አልተመለሰም። ልጠራው ስነሳ እናቴ «ተዪው» አለችኝ።

አሁን ይሄን የምጽፍላችሁ ደጅ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ከታች፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ፣ የሁለት ወንድማማቾች ሳቅ ይሰማኛል። የሚስቁት በማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ጥፋቱን ማረም ቀላል ነው። ከሁለቱ አንዷን ማግኔት ገልብጦ መስፋት ብቻ፤ ከዚያ በኋላ ጥሩር ጥሩርን አይዝም። ወስፌዬንም አውጥቼ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት።

እናንተ ፍረዱኝ፦ ልገልብጣት ወይስ ትቆይ?

እስከዚያው ማዘዝ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉ። የስልካችሁን ዓይነት፣ የቆዳውን ቀለምና የተኳረፋችሁትን ሰው ስም ጻፉልኝ። ጥንድ ጥንዱን ነው የምልከው።