የሚስተር ታርፕሊ መስቀያ

የሕዝብ በሆነ ቤት ሁሉ፣ የሕዝብ የሆነውን ነገር የግሉ ያደረገ አንድ ሰው አይታጣም። ቤተ ክርስቲያን ብትሄዱ ከፊት ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ማንም ዝር እንዳይል በዓይኑ የሚጠብቅ ሽማግሌ አለ። ቁርስ ቤት ብትገቡ መስኮት ሥር ያለችውን ጠረጴዛ ከአያቱ የወረሳት የሚመስለው ጡረተኛ አለ። ቤተ መጻሕፍት ብትሄዱ የዕለቱን ጋዜጣ ታቅፎ የሚያንኮራፋ አለ፤ የሚነቃው እጃችሁን ወደ ጋዜጣው ስትዘረጉ ብቻ ነው። መንግሥት ያልሾማቸው፣ ፍርድ ቤት ያልፈረደላቸው ባለርስቶች ናቸው። አገር ምድሩን ቢያስመርሩም የሚደፍራቸው የለም።

ከሁሉም የከፋው የደረሰው ግን ለእኔ ነው። እሳቸውም ክቡር ሚስተር ሉሺየስ ታርፕሊ ይባላሉ። መዋኛ ገንዳና ስቲም ያለው የዌይንፖርት ከተማ ወጣቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር አባል፣ ሰማንያ ስድስት ዓመት ያለፋቸው "ወጣት"፣ በወንዶች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ከበሩ በስተግራ የምትገኘው የነሐስ መስቀያ ፍጹማዊ ገዢ።

ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ሌሎቹ መስቀያዎች ነጭ ቀለም የተቀቡ ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። ይህቺ ግን ወፍራም ናት፤ ብዙ እጅ የነካት በመሆኗ ታበራለች። ከጓደኞቿ ለምን እንደተለየች ማንም አይጠይቅም። ሚስተር ታርፕሊን አንድ ነገር የጠየቀ ሰው ከቁርሱ እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለንና።

መጀመሪያ የተገናኘነው በክረምት ነው። በረዶ የወረደበትን ካፖርቴን በዚያች መስቀያ ላይ ሰቀልኩ። ከኋላዬ አንድ ድምፅ መጣ።

"ዓይን የለህም?"

"አለኝ፣ ምነው?"

"ታዲያ አታይም እንዴ? ሰው አለው!"

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። እኔና እሳቸው ብቻ ነን። መስቀያዋም ባዶዋን ነበረች። "የቱ ሰው?" አልኩ።

ካፖርቴን የሞተ አይጥ ይመስል በሁለት ጣት አንስተው እሳት ማጥፊያው ላይ ሰቀሉት፤ በቦታው የራሳቸውን ሰቀሉ፤ ባርኔጣቸውን ከላዩ ደፉና እያፏጩ ወደ ስቲም ክፍሉ ገቡ። ደሜ ፈላ። የአባልነት መዋጮ የምከፍለው ካፖርቴን እሳት ማጥፊያ ላይ ለመስቀል ነው እንዴ?

በእኔ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ የታደሰውን መዋኛ ገንዳ እንዲባርኩ የተጋበዙ ፓስተር መጥተው ነበር። ምስኪኑ ሰውዬ የጸሎት ልብሳቸውን የት ቢሰቅሉት ጥሩ ነው? እዚያችው ላይ። ሚስተር ታርፕሊ ከሻወር ፎጣ አገልድመው ወጡ።

"ፓስተር፣ ሰው አለው።"

ፓስተሩ በትሕትና ፈገግ ብለው፣ "ወንድሜ፣ ጌታችን እኮ ራሱን የሚያስጠጋበት እንኳ አልነበረውም" አሉ።

"እሱ ካፖርትም አልነበረው" አሉ ሚስተር ታርፕሊ። የጸሎት ልብሱም ወደ እሳት ማጥፊያው ሄደ።

ይህ ሁሉ አልበቃ ብሏቸው ደግሞ የማኅበሩ ታሪክ አዋቂ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ጽፈውም አያውቁ። የሚያስተምሩት በቃል ሲሆን አዳራሻቸው ስቲም ክፍሉ ነው። ስቲም የገባ ሰው ላቡ ሳይወጣለት እንደማይነሳ ጠንቅቀው ያውቃሉ።

"ይሄ ማኅበር እንዴት እንደተመሠረተ ታውቃለህ?" ይላሉ። አውቃለሁ ማለት አይጠቅምም። "የሱቅ ሠራተኞች ናቸው። እህል መጋዘን ፎቅ ላይ ተሰብስበው፣ 'ወጣቱ መጠጥ ቤት ገብቶ እንዳይጠፋ እንጸልይ' አሉ። ጸለዩ። ሲጸልዩ፣ ሲጸልዩ ጉሮሯቸው ደረቀ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ መጠጥ ቤቱ ጎረቤት ነበር።"

አሁን ዮጋ የሚሠራበት ፎቅ የባቡር ሠራተኞች መኝታ እንደነበር፣ የፍሬን ሠራተኞች ማንኮራፋት መስኮቱን ያንቀጠቅጥ እንደነበር ይናገራሉ። የዋና ልብስ ስላልነበረበት ዘመንም ይናገራሉ። "የባንክ ሥራ አስኪያጁም ዲያቆኑም እናቱ እንደወለደችው ነበር ገንዳ የሚገባው። የልብሱ ክር ማጣሪያውን ይደፍናል ተባለ። ማጣሪያው ዳነ፤ ዓይናችን ጠፋ! ቤታችሁም ቤታችንም እንደዚያ ነበር።"

ጎማ ፋብሪካ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣው ጓደኛዬ ዋልት ዙኮቭስኪ አንድ ቀን ሊያርማቸው ደፈረ። ቅርጫት ኳስ ዌይንፖርት ውስጥ ነው የተፈጠረው ሲሉ ሰምቶ፣ "ሚስተር ታርፕሊ፣ ማሳቹሴትስ ነው እኮ የተፈጠረው" አላቸው።

"ማሳቹሴትስ ተጻፈ። እዚህ ተጫወቱት።"

"ማስረጃ አለዎት?"

"አንተ ማሳቹሴትስ ነበርክ?"

"አልነበርኩም።"

"እንግዲያውስ ዝም ብለህ ላብህን አውጣ።"

ከሁሉም የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው። የቫይን ጎዳናውን የድሮ ቅርንጫፍ ሲያነሱ "ቤታችን" ይላሉ። ያለንበትን ሲያነሱ "ቤታችሁ" ይላሉ። ከአርባ ዓመት በላይ የታጠቡበትን፣ የጸለዩበትን፣ የሰውን ካፖርት የወረወሩበትን ቤት "ቤታችሁ"! እንግዳ ቢሆኑ ኖሮ ምን ሊሆኑ ነበር? ይህን ሁሉ ሲያወሩ ደግሞ ስለዚያች መስቀያ አንዲት ቃል አይተነፍሱም።

ባለፈው ዓመት አዲስ ዳይሬክተር መጣችልን፤ ብሪጂት ሃንሰል ትባላለች። ቀልጣፋ፣ ሳቂታ ሴት ናት። የማኅበሩ የምሥረታ በዓል ደርሶ ስለነበር ቤቱ እንዲታደስ ወሰነች። የልብስ መቀየሪያው ግድግዳ ሸክላ ይለብሳል፤ መስቀያ የሚባል ነገር ሁሉ ተነቅሎ በቁጥር የሚከፈት ሎከር ይገባል ተባለ። ለዋልት "ተገላገልን!" አልኩት። ዋልት የበለጠ ተደሰተ። "እስቲ ሎከሩን 'ሰው አለው' ይበሉታል?" ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።

በበዓሉ ዕለት አዳራሹ መግቢያ ላይ ተሰበሰብን። ኬክ አለ፣ የሎሚ ጭማቂ አለ። ብሪጂት ሚስተር ታርፕሊን የክብር እንግዳ አድርጋ ከፊት አስቀመጠቻቸው፤ እሳቸውም ካፖርታቸውን እንደለበሱ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ብሪጂት አንድ ጨርቅ ገፈፈች። በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ሰማያዊ ከፋይ ላይ፣ ያቺ መስቀያ ጋደም ብላለች። ከሥሯ "ከቀድሞው የቫይን ጎዳና ቅርንጫፍ" የሚል ተጽፏል። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ሚስተር ታርፕሊ ተነሥተው ቀረቡና፣ "ይሄ ምንድን ነው?" አሉ።

"ታሪክ ነው ሚስተር ታርፕሊ! የእርስዎ ታሪክ!" አለች ብሪጂት፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

"ክፈችው።"

"እንዴት?"

"ክፈችውና አውጫት። ካፖርቴን የት ልስቀል?"

"ሎከር ተዘጋጅቶልዎታል እኮ፤ ቁጥሩን ራሴ..."

"ስሚ ልጄ። ታሪክ የሚባለው ሰውዬው ሲያልቅ ነው። እኔ አላለቅሁም። ገና እየተጠቀምኩባት ነው!"

አንዳንዱ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። በዚያ ሁሉ ዓመት ስቲም ውስጥ ያልነገሩንን ያን ጊዜ ነገሩን፤ ደግሞ በቁጣ ነው።

"ያኔ ይሄ ማኅበር ሁለት ቤት ነበረው። አንዱ ለነጮች፣ አንዱ ለእኛ ለጥቁሮች። ሁለቱም በር ላይ ያው ክርስቶስ ተጽፏል። እኔ ሆቴል ቤት ካፖርት ተቀባይ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው ካፖርት እቀበላለሁ፣ እሰቅላለሁ፣ አወርዳለሁ። ካፖርቱን ያየ እንጂ እኔን ያየ የለም። የራሴን የት አደርገው እንደነበር ታውቃላችሁ? ምድር ቤት፣ ከድንጋይ ከሰሉ አጠገብ፣ መሬት ላይ!"

ማንም ኬኩን የሚነካ ጠፋ።

"ከሥራ ስወጣ ቫይን ጎዳና እሄዳለሁ። ሰዉ ብዙ፣ መስቀያው ጥቂት ነው። የቤቱ ጸሐፊ ሚስተር ባስኮም ይህችን ሰጠኝ። ሌላ ሰው ሊሰቅልባት ሲመጣ ከጠረጴዛው ሆኖ ይጮኽበታል፤ 'ሰው አለው!' ይላል። እኔን ነው እኮ! በዚህ ከተማ እኔን ሰው ብሎ ጮክ ብሎ የጠራኝ እሱ ነው።"

ትንፋሽ ወሰዱ።

"አውራ ጎዳና ሊያሳልፉበት ቤታችንን አፈረሱት። ዶዘሩ በር ላይ ቆሞ ሳለ ገባሁና በካቻቢቴ ነቅዬ አወጣኋት። ከዚያ ሁለቱ ቤት አንድ ሆኗል ተባለ፤ የናንተው ብቻ ቀርቶ ማለት ነው። በፊት ለፊት በር መስቀያዬን ይዤ መጣሁ። የናንተው ጸሐፊ 'መስቀያ እኮ ሞልቶናል' አለኝ። 'አውቃለሁ፤ ድሮም ሞልቷችሁ ነበር' አልኩት።"

አባቴ ዋና የተማረው እዚሁ፣ የነጮቹ ቤት ነው። ቫይን ጎዳናን በስም አውቃት ነበር፤ እሱ ግን በሕይወቱ አንድ ቀን አንስቶልኝ አያውቅም። እዚያ ቆሜ ንዴቴ ሲነሣ ተሰማኝ፤ የለመድኩት ንዴት ነው፣ ግን በሰውዬው ላይ አልነበረም። በሁለቱ በሮች ተናደድኩ። በአውራ ጎዳናው ተናደድኩ፤ በየቀኑ እየነዳሁበት ነው የምመጣው። ሳይጠይቋቸው መስቀያቸውን ነቅለው ኬክ ባቀረቡላቸው ሰዎችም ተናደድኩ። "ብሪጂት፣ ክፈችው" አልኩ።

ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ግን ሸክላው አዲስ ነው አለች፤ ቦርዱ ይወስን አለች፤ ኢንሹራንስም አነሳች። ሚስተር ታርፕሊ አልተከራከሩም። ከማግስቱ ጀምሮ በየማለዳው እየመጡ መስታወቱ ፊት ወንበር ስበው ይቀመጡ ጀመር፤ ካፖርታቸውን እንደለበሱ። አይዋኙም፤ ስቲም አይገቡም። ቢለመኑ ወይ ፍንክች! ስቲም ክፍሉ ጭር አለ። እኔና ዋልት ያለ አስተማሪ በዝምታ ላባችንን እናወጣለን፤ አንድ ቀን ዋልት ሳይጠየቅ "ምናልባትም እኮ ቅርጫት ኳስ እዚህ ሊሆን ይችላል የተፈጠረው" አለ።

በረዶው ቀለጠ፤ ዛፉ አበበ፤ ሰውዬው ካፖርታቸውን አላወለቁም። ላብ በግንባራቸው ሲወርድ እያየን እንገባለን፣ እንወጣለን። አንድ ቀን አንዲት እናት ልጇን ይዛ ቆማ፣ "አየህ፣ እኚህ ሽማግሌ የኤግዚቢሽኑ አካል ናቸው" ስትል ሰማሁ።

"ኤግዚቢሽን አይደለሁም፤ አባል ነኝ!" ብለው ሲጮኹ የጭማቂ ማሽኑ ጋ የነበረው ሰው ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ። ብሪጂት ከቢሮዋ ወጣች። ሣጥኑንም፣ ላብ ያጠመቃቸውንም ሽማግሌ አየች። ከዚያም ቁልፉን አመጣች፤ ዋልት ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣ፤ አዲሱ ሸክላ ተበሳ። ሚስተር ታርፕሊ ካፖርታቸውን አወለቁ፤ ሰቀሉ፤ ባርኔጣቸውን ደፉበት። "ጠማማ አድርገህ ነው ያሰርካት" አሉት ዋልትን። ምስጋናቸው ይኸው ነበር።

በዚህ ወር ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ገብተዋል። ከትናንት ወዲያ ጧት ከገንዳው ስወጣ አንድ አዲስ አባል፣ የባንክ ቤት ልጅ ነው መሰለኝ፣ ያ ሁሉ ሎከር እያለ የሚያብረቀርቅ ጃኬቱን እዚያች ላይ ሰቀለ።

"ዓይን የለህም? ሰው አለው!" የሚል ድምፅ ክፍሉን አናወጠው። ተሽለው መጡ ብዬ በደስታ ዞርኩ። ማንም አልነበረም። የጮኽኩት እኔ ነኝ። ከአህያ የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ታውቃላችሁ።

"ሰውዬው የታለ?" አለ ልጁ።

"ይመጣሉ" አልኩና ጃኬቱን እሳት ማጥፊያው ላይ ሰቀልኩለት።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄጄ ነገርኳቸው፤ ደስ የሚላቸው መስሎኝ። ካፖርታቸው ወንበር ላይ ተጥሎ ስለነበር ነርሶቹን እየተራገሙ ነበር።

"ቤታችሁ እንዴት ነው?" አሉኝ። አሁንም "ቤታችሁ"!

"ደኅና ነው። ጃኬቱንም አንስቼለታለሁ።"

"በምን?"

"እንዴት በምን? በእጄ ነዋ።"

"በሙሉ እጅህ? በሁለት ጣት ነው እንጂ! ይሄን ሁሉ ዓመት እያየኸኝ ይህችን እንኳ አልተማርክም?"

ተናድጄ ወጣሁ። ሰው ለሰው ደግ ሲሠራ እንዲህ ይባላል? ዛሬ ማለዳ በሩ እንደተከፈተ ቀድሜ ገባሁ። ከእንግዲህም እሳቸው እስኪመጡ ድረስ ማለዳ ማለዳ እዚያች መስቀያ ሥር ነኝ፣ ሁለት ጣቴን አዘጋጅቼ። እስቲ አንድ ሰው ይሞክር። ሰው አለው።