«ባሌ» ያለችው ጎረቤታችን

አዲስ ጫማ ገዝቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚቀጠቅጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ፈረንጅ አገር ተማሪ ሳለሁ፣ ኬንሲንግተን ውስጥ ገጥሞኛል። ጎረቤታችን ክሌር እንጀራዋ የባሌት ዳንስ ነበር። እነዚህ ሰዎች አዲስ ጫማ ሳይደበድቡ አያጠልቁም፤ ግትርነቱ ይልቀቅ፣ መድረክ ላይም አይንኳኳ ብለው ነው።

አጎቴ ጋሼ ተፈራ ግን ይህን ከየት ይወቁት? ከአዲስ አበባ በመጡ በሳምንታቸው ድብደባውን ሰምተው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

«ሁ ሂት ዩ?» አሏት ከበሯ ውጭ ቆመው፤ ማን መታሽ ማለታቸው ነው።

ፈረንጅ የባሌትን መጨረሻ «ት» ይውጣታልና፣ ክሌር ከውስጥ እየሳቀች «ባሌ!» አለቻቸው።

«ጉድ ነው! ባሏ እየደበደባት ትስቃለች!»

ጋሼ በሩን በከዘራ ሊሰብሩ ሲሉ ደረስኩ። ክሌር በሩን ከፍታ ጫማውን አሳየቻቸው። እሳቸው ግን ያዩት በፕላስተር የተጠቀለሉ የእግር ጣቶቿን ነበር። በወጣትነታቸው ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ አንድ ቲያትር ቤት የባህል ተወዛዋዥ ነበሩ፤ ይህንኑ ነገርኳት።

«እኔም ዘንድሮ ላቆም ነው» አለች ክሌር። በሠላሳ አራት ዓመቷ! «መድረኩ ይናፍቃቸው እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

«መድረኩስ ይቅር» አሉ ጋሼ ከበሯ ፊት ያለው ደረጃ ላይ እየተቀመጡ። «ከመጋረጃው ጀርባ ተፋፍገን፣ አንዱ የሌላውን መቀነት እያጠበቀ፣ ከበሮው ሊመታ ሲል ያለችው ደቂቃ ናት የምትናፍቀኝ።»

ተረጎምኩላት። ክሌር አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እኔንማ» አለች፣ «ገና ሳልለያት ናፈቀችኝ።»