የሁለቱ ክዋቤናዎች ታላቅነት ጉዳይ

በጋናዋ ኩማሲ ከተማ ሥርዓት ያለው ቤት የቱ ነው ቢባል የእኛን የሚያህል የለም፤ ይህን የምለው ስለምኖርበት አይደለም። በእኛ ዘንድ ሰው በተወለደበት ዕለት ስም ይጠራል። የቤተሰቡ አለቃ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም ኦፓኒን ቦአዱ፣ ይህ ክብር ለዕቃም ይገባል ብለው ደነገጉ። እሑድ የተገዛው ቴሌቪዥን ክዋሲ ተባለ። ማክሰኞ በአንድ ካርቶን የመጡት ሁለት ካሜራዎች ደግሞ ክዋቤና ተባሉ፤ ሁለቱም። አንደኛው ፎቅ ላይ የልጅ ልጄ የሰርዋ አልጋ ራስጌ፣ ሌላው ዶሮ ቤት ተሰቀለ።

ሰርዋ ገና ጨቅላ ናት፤ ሰሞኑን ሳል ይዟታል። እኔን ጉልበቴ ደረጃ አላስወጣ ብሎኛል፤ ስለዚህ ዓይኔ ስልኬ ነው። "ክዋቤና" የሚለውን ስነካ አንዳንዴ ልጅቱ፣ አንዳንዴ ዶሮዎቹ ይመጣሉ።

"ኦሴይ! ኧረ ዛሬም ዶሮ ወጣብኝ!"

ልጄ ኦሴይ ዋይፋዩን አጥፍቶ አበራው። ልጅቱ ታየች።

"ይኸው ናና፣ ተስተካከለ!" ብሎ ደረቱን ነፋ፤ ናና ማለት አያት ነው፣ ሰርዋ ከተወለደች ወዲህ ቤቱ ሁሉ እንዲህ ይለኛል። እሱ ዞር ከማለቱ አውራ ዶሮው ስልኬ ውስጥ ክንፉን አራገበ።

ኋላ ነገሩን ደረሰበት፤ ስልኬ "ክዋቤና!" ብሎ ሲጣራ ሁለቱም አቤት ይላሉ፣ የሚታየኝ ቀድሞ የመለሰው ነው።

"በቃ፣ በቁጥር እንጥራቸው" አለ።

"በቁጥር? እስረኛ ናቸው እንዴ!" ኦፓኒን ተቆጡ። "በአንድ ካርቶን የመጡ መንታ ናቸው። የመንታ ታላቁ ፓኒን፣ ታናሹ ካክራ ይባላል። አስቀድሞ ከካርቶኑ የወጣው የትኛው ነው?"

ማንም አላስታወሰም። እንዲህ ያለ ከባድ ጉዳይ በዋዛ አይታለፍምና የዘመድ ጉባኤ ተጠራ።

"ታላቁ የዶሮ ቤቱ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነሣው" አለ አንዱ የአጎት ልጅ።

"ሂድ እዚያ! ሕፃን በአደራ የሚሰጠው ለታላቅ ነው" አለች እኅቱ።

"ኧረ የልጅቱ ሳል..." ስል፣

"እመት፣ ከአጀንዳ አይውጡብን!" አሉኝ ኦፓኒን።

በመጨረሻ የዶሮ ቤቱ ፓኒን፣ የሕፃኗ ካክራ እንዲባሉ ተወሰነ። ኦፓኒን መጠጥ መሬት ላይ አፍስሰው አያቶቻችንን አመሰገኑ። ኦሴይም አዲሶቹን ስሞች ለካሜራዎቹ ሰጠ። "ካክራ"ን ነካሁ። ዶሮ የለም። አልጋው ጥርት ብሎ ታየ፤ ሰርዋ ግን የለችበትም።

"ልጄን! ልጄን ወሰዷት!" ብዬ ጮኽኩ።

በሩ ተከፈተ። የኦሴይ ሚስት አፍሪዬ ሰርዋን አዝላ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ይዛ ገባች።

"የት ነበርሽ አንቺ?"

"ሐኪም ቤት ነዋ! ተናግሬ እኮ ነው የወጣሁት። ናና፣ እርስዎ ራስዎ 'እስቲ ዝም በይ፣ ጉባኤው ሊጀመር ነው' አሉኝ።"

ኦፓኒን ብድግ አሉ። "አያችሁ? ካክራ አልጋው ባዶ መሆኑን ሳይሳሳት አሳየ!"

ጉባኤው አጨበጨበ። ሰርዋ በጭብጨባው ደንግጣ ማልቀስ ጀመረች። ምን ሆና እንደምታለቅስ ለማየት ሁላችንም ስልኩ ላይ አጎነበስን።