ጋሽ ታደለና የሚጮኸው ሞኒተር

በእጁ የሚመካ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ሰመመን እየሰጠሁ ነው የምውለው። ጋሽ ታደለ በሰመመን የተኛ ታካሚ ጉሮሮ በአሮጌው መክፈቻ ብረት ከፍተው የመተንፈሻ ቱቦ ሲያስገቡ፣ እልኸኛ በሬ የሚጎትቱ ይመስላሉ። ባለፈው ከአዘና የመጡ አንድ ገበሬ ላይ እንዲሁ ሲጎትቱ፣ የሰውየው የልብ ምትና የደም ግፊት ሽቅብ ወጣ፤ ሞኒተሩም ጮኸ።

«ይሄ ነገር ተበላሽቷል» ብለው ሞኒተሩን በጥፊ መቱት።

ለቀጣይዋ ታካሚ እኔ ጉሮሮን በስክሪን የሚያሳየውን፣ ካሜራ ያለውን መክፈቻ አነሳሁ።

«ፊልም ልታይ ነው?» ብለው ሳቁብኝ።

አዎ፣ አያለሁ። የተኛ ሰው ልብም ይደነግጣልና አላፍርም። ቱቦው ሲገባ የሴትዮዋ የልብ ምትም ግፊትም ከነበሩበት ንቅንቅ አላሉም።

ጋሽ ታደለ ዝም ያለውን ሞኒተር በአገጫቸው እያሳዩ፣ «አላልኩህም? ይኸው፣ ጭራሽ መጮኽም አቃተው» አሉኝ።